የመሐንዲሶች ቤት ታሪክ ነጋሪ፤ ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን

በአገራችን በሜትዮሮሎጂ ጣቢያዎች ግቢ ውስጥ በአራት እግሮች ቆሞ የሚታይ፣ ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ግድግዳው ዘንበል ብለው በተደራረቡ ቀጫጭን ጣውላዎች የተሠራ ሣጥን አለ። ቴርሞሜትሩን ከፀሐይ ጨረርና ከዝናብ እየከለለ አየር ግን እንደ ልቡ እንዲመላለስበት የሚያደርገው ይህ ሣጥን በዓለም ሁሉ የስቲቨንሰን ሣጥን እየተባለ ይጠራል። ስሙን ያገኘው ንድፉን ካወጣው ከስኮትላንዳዊው መሐንዲስ ከቶማስ ስቲቨንሰን ነው። ሣጥኑን ዕለት ዕለት እየከፈተ የሙቀቱን መጠን የሚመዘግብ ሁሉ ግን የመሐንዲሱ አንድያ ልጅ በፍቅር፣ በፍርሃትና በልብ አንጠልጣይ ታሪኮቹ ስሙ የገነነው ደራሲ ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን መሆኑን ያውቃል ማለት አይቻልም። ይህ ልጅ ለምሕንድስና ተወልዶ፣ ምሕንድስና ተምሮ፣ በምሕንድስናም ተሸልሞ ሳለ የአባቶቹን ሙያ ትቶ ወደ ታሪክ መጻፍ የሄደበት መንገድ እሱንም ቤተሰቡንም ብዙ ያስከፈለ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን በ1850 በኅዳር ወር በኤዲንብራ ከተማ ተወለደ። አያቱ ሮበርት ስቲቨንሰን ከ1807 እስከ 1810 በነበሩት ዓመታት በቤል ሮክ ላይ የባሕር መብራት ማማ ያሠራ ሰው ነው። ቤል ሮክ በሰሜን ባሕር ውስጥ የሚገኝ፣ በቀን ሁለት ጊዜ የባሕሩ ውሃ በሞላ ቁጥር ፈጽሞ የሚሰወር ቋጥኝ ነው። ሠራተኞቹ ሥራቸውን የሚያካሂዱት ውሃው ሸሽቶ ድንጋዩ ብቅ በሚልባቸው ጥቂት ሰዓቶች ብቻ ነበር። (የሥራው ባለቤት እሱ ነው ወይስ ዋና መሐንዲስ ሆኖ የተሾመው ጆን ሬኒ ነው የሚለው ክርክር በሁለቱ ቤተሰቦች መካከል ለብዙ ዘመን ቆይቷል፤ በሙያው ውስጥ ላለ ሰው እንዲህ ያለው ክርክር እንግዳ አይደለም።) የአያቱ ሦስት ወንዶች ልጆች አለን፣ ዴቪድና ቶማስ የአባታቸውን ሥራ ቀጠሉ። አለን ያሠራው የስኬሪቮር ማማ በ1844 መብራቱ በራ። ከዚህ ቤት የሚወለድ ወንድ ልጅ ምን እንደሚሆን የሚጠይቅ አልነበረም።

ልጁ ግን ደረቱ የታመመ ነበር። ክረምቱን በአልጋ ላይ እያሳለ ያሳልፋል፤ ሌሊቱ አይነጋለትም። አሊሰን ከኒንግሃም የምትባለው ሞግዚቱ አጠገቡ ተቀምጣ መጽሐፍ ቅዱስ ታነብለታለች፤ ስለ ሃይማኖታቸው የተሰደዱትንና የተገደሉትን የስኮትላንድ ሰማዕታት ታሪክ ትነግረዋለች፤ ስለ ሰይጣንና ስለ ገሃነም የምትነግረውም ከዚህ ጋር ተደባልቆ ነው። ልጁ ከመፍራቱ የተነሣ እንቅልፍ የሚያጣበት ሌሊት ብዙ ነበር፤ ነገር ግን ታሪኩ እንዲቀርበት አይፈልግም። ሞግዚቲቱ ከርካሽ ሳምንታዊ ጋዜጣ በተከታታይ የሚወጣ ልብ ወለድም ታነብለት ነበር፤ ነገሩ ከቤተሰብ ጨዋታ አልፎ የልብ ወለድ ጠባይ ያዘ ብላ ኅሊናዋ ሲወቅሳት ግን ንባቡን ታቋርጣለች። ያን ጊዜ ሁለቱም ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ጋዜጣ መሸጫው ሱቅ መስኮት እየሄዱ በመስታወቱ ውስጥ የሚታየውን አዲስ ሥዕል በማየት የታሪኩን ቀጣይ ክፍል ለመገመት ይሞክሩ ነበር።

በቤቱ ውስጥ ሌላም ታሪክ ነጋሪ ነበረ። ይኸውም አባቱ ቶማስ ነው። ይህ በማዕበል ኃይል መለኪያና በመብራት መስታወት ስሌት የታወቀ፣ ሃይማኖቱን የሚያጠብቅ፣ ፊቱ የማይፈታ መሐንዲስ በሕይወቱ ዘመን ሁሉ ማታ ማታ እንቅልፍ እስኪወስደው ድረስ ለራሱ ታሪክ ይፈጥር ነበር። ታሪኮቹ ስለ መርከቦች፣ በመንገድ ዳር ስላሉ የእንግዳ ማረፊያዎች፣ ስለ ወንበዴዎችና ስለ ሽማግሌ መርከበኞች ነበሩ። አንዱንም ፈጽሞት አያውቅም፤ መፈጸምም አያስፈልገውም ነበር። ልጁ በፍርሃት ሲያለቅስ አባትየው ከበሩ ውጭ ቆሞ ከምናባዊ ዘበኞችና ከሠረገላ ነጂዎች ጋር እየተነጋገረ ያረጋጋው ነበር። እንግዲህ ልጁ ወደ ልብ ወለድ ማዘንበሉን ከአባቱ ሙያ መኮብለል ብቻ አድርጎ ማየት ትክክል አይሆንም፤ ከዚያው ከአባቱ ቤት ያገኘው ነገር ነበርና።

በ1867 በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ምሕንድስና ለመማር ገባ። ከክፍል ይልቅ በየመንገዱና በየመጠጥ ቤቱ ይገኝ ስለ ነበር የምሕንድስናው ፕሮፌሰር ፍሊሚንግ ጀንኪን በዓመቱ መጨረሻ የትምህርት ማስረጃ ሲጠይቀው እጅግ አሳፈረው። በባሕር ሥር የቴሌግራፍ ገመድ ሥራ የታወቀው ይህ መምህር በኋላ የቅርብ ወዳጁ ሆነ፤ ሲሞትም የሕይወት ታሪኩን የጻፈለት ይኸው ሰነፍ ተማሪው ነው።

በዕረፍት ወራት አባቱ ወደ ሥራ ቦታ ይልከው ነበር። በ1868 መጸው በሰሜን ስኮትላንድ በዊክ ወደብ ተቀመጠ። ቶማስና ወንድሙ ዴቪድ በዚያ ከ1863 ጀምሮ ትልቅ የማዕበል መከላከያ ግንብ ያሠሩ ነበር። ወጣቱ ስቲቨንሰን የጠላቂ ልብስ ለብሶ፣ የብረት ቆብ ደፍቶ፣ በእግሩ እርሳስ ተጭኖ ወደ ባሕሩ ወለል ወረደ፤ ከሥልጠናው ሁሉ በጣም የወደደው ይህን አንድ ቀን ነበር። የግንቡ ነገር ግን ክፉ ሆነ። በ1872 የመጣው ማዕበል 1,350 ቶን የሚመዝን የግንቡን ጫፍ አንሥቶ ጣለው። በምትኩ 2,600 ቶን የሚመዝን ቢሠራ እሱንም በ1877 ማዕበሉ ወሰደው። የማዕበልን ኃይል በመለካት ከማንም በፊት የደከመው ቶማስ ስቲቨንሰን በሕይወቱ የገጠመው ከባድ ውድቀት ይህ ነው፤ ሥራውም በዚያው ተተወ። በ1870 ደግሞ ወጣቱ በምዕራብ ዳርቻ በኤሬይድ ደሴት ሦስት ሳምንት ቆየ። በዚያ የዱ ሃርታች ማማ ድንጋይ ይጠረብ ነበር። እሱ ግን ከድንጋዩ ይልቅ መርከብ የሚሰብረውን የባሕር ጩኸት ሲያዳምጥ ከረመ፤ ከ12 ዓመት በኋላ ያወጣው «ዘ ሜሪ ሜን» የሚለው አስፈሪ ታሪክ ከዚያ ደሴት የተገኘ ነው።

በመጋቢት 1871 በስኮትላንድ የንጉሣዊ የኪነ ጥበባት ማኅበር ፊት ቀርቦ ለባሕር መብራቶች አዲስ ዓይነት ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን ስለ መሥራት ያዘጋጀውን ጽሑፍ አነበበ፤ ማኅበሩም የብር ሜዳይ ሸለመው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ፣ በሚያዝያ መጀመሪያ፣ ከአባቱ ጋር በእግር ሲሄዱ መሐንዲስ እንደማይሆንና ደራሲ መሆን እንደሚፈልግ ነገረው። አባትየው ሐሳቡን ዋጠው፤ ነገር ግን ጽሑፍ ሙያ አይደለምና ሕግ ይማር ተባለ። በ1875 ጥብቅና ፈቃድ አገኘ፤ በሙያው ግን ሠራ ለማለት አይቻልም። በመካከሉ በ1873 በሃይማኖት ምክንያት የተነሣው ጠብ ከሙያው ጠብ ይልቅ ቤቱን አናወጠው። ልጁ የቤተሰቡን እምነት እንዳልያዘ በእውነት ሲናገር አባትና እናት ሕይወታቸው ሁሉ ከንቱ የቀረ ያህል አዘኑ። የዚህ ዘመን ነገር መራራ ነው፤ የተቃወማቸውን ሰዎች ገንዘብ እየተቀበለ የሚኖር ልጅ መሆኑን እሱ ራሱ አይዘነጋውም ነበርና።

ከመጀመሪያዎቹ አጫጭር ልብ ወለዶቹ አንዱ በ1877 በመጽሔት ወጣ፤ በክረምት ሌሊት በፓሪስ ስለሚንከራተተው ስለ ባለቅኔው ሌባ ስለ ቪዮን የሚተርክ ነው። ወዲያው በጥር 1878 ሁለት የፍቅር ታሪኮች በተለያዩ መጽሔቶች ተከተሉ። በአንደኛው፣ በማሌትሯ በር ታሪክ፣ በጦርነት ዘመን በባዕድ ከተማ በጨለማ የሚሸሽ ወጣት ወታደር አንድ በር ተደግፎ ሲቆም በሩ ይከፈትና ወደ ውስጥ ይገባል፤ በሩም ከኋላው ይዘጋል፤ ከውስጥ የሚከፈትበት መያዣ የለውም። የቤቱ ሽማግሌ ጌታ ደግሞ ወጣቱን የእኅቱ ወይም የወንድሙ ልጅ ውሽማ አድርጎ ስለ ገመተ እስኪነጋ ድረስ ልጅቱን እንዲያገባ፣ አለዚያ በመስኮቱ እንዲሰቀል ይፈርድበታል። በማይተዋወቁ ሁለት ወጣቶች መካከል ፍቅር የሚበቅለው በእነዚያ ጥቂት ሰዓቶች ውስጥ ነው። ሁለተኛው ታሪክ የዚህ ተቃራኒ ነው። የወፍጮ ቤት ልጅ የሆነው ዊል ሸለቆውን ለቆ ዓለምን ለማየት ሲመኝ ይኖራል፤ ግን አይሄድም። የሚወዳትንም ልጅ ከጥንቃቄው ብዛት ሳያገባት ይቀራል፤ ሌላ ሰው አግብታ ትሞታለች።

ደራሲው እንደ ዊል አልሆነም። በ1876 በፈረንሳይ አገር በግሬ መንደር ካወቃት በኋላ ልቡን የሰጣት ፋኒ ኦዝቦርን አሜሪካዊት፣ በዕድሜ በዐሥር ዓመት የምትበልጠው፣ ባልና ልጆች ያሏት ሴት ነበረች። በ1879 ለወላጆቹ ሳይነግር በስደተኞች መርከብና በስደተኞች ባቡር ተሳፍሮ ወደ ካሊፎርኒያ ሄደ። ገንዘቡ አለቀ፤ ምግቡን ቀነሰ፤ ደም እስኪተፋ ታመመ። ፋኒ ፍቺ አግኝታ በግንቦት 1880 በሳን ፍራንሲስኮ ተጋቡ። አባትየው የልጁን ችግር ሲሰማ በየዓመቱ 250 ፓውንድ እንደሚሰጠው በቴሌግራም አስታወቀ። ቁጡ የነበረው ሽማግሌ ምራቱን ባያት ጊዜም ወደዳት።

ከካሊፎርኒያ በፊት፣ በ1878፣ «ለንደን» በተባለ ሳምንታዊ መጽሔት ላይ በተከታታይ ያወጣቸው ታሪኮች ልብ አንጠልጣይ ለሚባለው ዓይነት ጽሑፍ መንገድ ከከፈቱት መካከል የሚቆጠሩ ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ራሳቸውን ለመግደል ድፍረት ያጡ ሰዎች ስለሚሰበሰቡበት ክበብ ነው። ማታ ማታ ካርታ ይታደላል፤ አንደኛው ካርታ የደረሰው ይሞታል፤ ሌላኛው የደረሰው ይገድለዋል። ታሪኩ ውስጥ ጭራቅ የለም፤ መንፈስ የለም። አንባቢውን የሚያስጨንቀው የካርታ አጣጣሉ ሥርዓት ብቻ ነው። አንድ ሕግ አስቀምጦ ሰዎችን በሕጉ ውስጥ መዝጋት የስቲቨንሰን ዋና ዘዴ ሆኖ ይኖራል፤ የማሌትሯም በር ከዚህ የተለየ አይደለም።

አስፈሪ ታሪኮቹ ግን ከሌላ ምንጭ፣ ከሞግዚቱ አፍ፣ የመጡ ናቸው። በ1881 በጋ ከሚስቱና ከእናቱ ጋር በስኮትላንድ ደጋ በአንዲት ጎጆ ተቀምጦ ሳለ «ትሮውን ጃኔት» የተባለውን ታሪክ ጻፈ። አንድ ወጣት ቄስ በመንደሩ ሰዎች ዘንድ የጠንቋይ ስም የወጣላትን አሮጊት ለቤት ሥራ ይቀጥራል፤ ከዚያ የሚሆነውን የሚተርከው አንድ የመንደር ሽማግሌ በገጠሩ በስኮትላንድኛ አነጋገር ነው። ስቲቨንሰን የጻፈውን ማታ በአንዲት ሻማ ብርሃን ለሚስቱ አነበበላት። ውጭ ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል፤ ነፋሱ መስኮቱን ያንቀጠቅጣል። ንባቡ ሲያልቅ ፋኒ ብቻ ሳትሆን ደራሲው ራሱ ፈርቶ ስለ ነበር ሁለቱም እንደ ሕፃናት እጅ ለእጅ ተያይዘው ደረጃውን ቀስ ብለው ወረዱ። ይህን ፋኒ በኋላ ጽፋዋለች። የሚያስፈራ ታሪክ የሚጽፍ ሰው በአንባቢው እየቀለደ ነው ብለው ለሚያስቡ ይህ ማስረጃ በቂ ይመስላል።

በዚያው በጋ ቤተሰቡ ወደ ብሬማር ተዛወረ። ዝናቡ አላባራም። ስቲቨንሰን የ13 ዓመት ዕድሜ ያህል ከነበረው ከእንጀራ ልጁ ከሎይድ ጋር ቀለም እየቀባ ሲጫወት የአንድ ደሴት ካርታ ሳለ፤ ካርታውም ወደ ታዋቂው የውድ ሀብት ደሴት ታሪክ አመራው። በየቀኑ የጻፈውን ምዕራፍ ለቤተሰቡ ያነባል። ከሰሚዎቹ መካከል ቶማስ ስቲቨንሰን ነበረ፤ ዕድሜውን ሁሉ ማታ ማታ ለራሱ ሲነግረው የኖረውን ዓይነት ታሪክ ከልጁ አፍ ሲሰማ ደስታውን መቆጣጠር አልቻለም። በሟቹ መርከበኛ ሣጥን ውስጥ የሚገኘውን ዕቃ ዝርዝር በአሮጌ ፖስታ ጀርባ ላይ ራሱ ጽፎ አመጣ፤ የወንበዴው መርከብ ስም ዋልረስ እንዲሆን የጠየቀውም እሱ ነው። ልጁ ዝርዝሩን ተቀብሎ ሥራ ላይ አዋለው። ዐሥር ዓመት የቆየው የሙያ ጠብ የበረደው በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ከ1884 ጀምሮ በእንግሊዝ አገር በቦርንመዝ ከተማ ተቀመጠ። አባቱ ለፋኒ የገዛላትን ቤት በአጎቱ ማማ ስም ስኬሪቮር ብለው ጠሩት። የገና በዓል በመጣ ቁጥር መጽሔቶች አስፈሪ ታሪክ ይፈልጉ ነበርና «ዘ ቦዲ ስናቸር» የሚለውን በ1884 ሰጠ። ይህም በ1828 በኤዲንብራ 16 ሰዎች እየገደሉ ሬሳቸውን ለሐኪሙ ለሮበርት ኖክስ የሸጡትን የበርክንና የሄርን ወንጀል መነሻ ያደረገ ነው። የታሪኩ እውነተኛ አስፈሪነት በመጨረሻው የሬሳ ነገር ላይ ሳይሆን፣ የሬሳ መቀበያው ኃላፊ የሆነው ተማሪ የሚያውቀውን እያወቀ ገንዘቡን ቆጥሮ በመክፈሉ ላይ ነው። «ኦላላ» የተባለው በስፔን የሚደረግ የፍቅርና የፍርሃት ታሪክ ግን ደራሲውን ራሱን አላረካውም፤ በውስጡ ሐሰት እንዳለ ይሰማው ነበር፤ ፍርዱም ትክክል ነው።

የዶክተር ጄኪልና የሚስተር ሃይድ ታሪክ በጥር 1886 በአንድ ሺሊንግ ወጣ። ከቅዠት እንደ ተነሣ፣ መጀመሪያ የጻፈውን ፋኒ ስትነቅፈው እሳት ውስጥ ጥሎ እንደገና እንደ ጻፈው ቤተሰቡ ይናገራል። በስድስት ወር 40,000 ያህል ቅጂ በብሪታንያ ተሸጠ። 35 ዓመቱን የጨረሰው ደራሲ ከአባቱ ኪስ መውጣት የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። አባትየው በግንቦት 1887 ሞተ። ልጁም በዚያው ዓመት አገሩን ለቀቀ፤ ስኮትላንድን ዳግመኛ አላያትም።

ለደረቱ የሚስማማ አየር ሲፈልግ በፓሲፊክ ደሴቶች ከተዘዋወረ በኋላ ከ1890 ጀምሮ በሳሞአ፣ በኡፖሉ ደሴት፣ ቫይሊማ በተባለ ቦታ ሰፈረ። የአገሩ ሰዎች ቱሲታላ አሉት፤ የታሪክ ነጋሪ ማለት ነው። ከአጫጭር ታሪኮቹ ሁሉ ምናልባት የሚበልጠውን፣ የጠርሙሱን ጋኔን ታሪክ፣ ያወጣው በ1891 ነው። ሐሳቡን ከአንድ አሮጌ ተውኔት እንደ ወሰደ ራሱ ገልጿል። በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ጋኔን ለባለቤቱ የፈለገውን ሁሉ ያደርጋል፤ ነገር ግን ጠርሙሱን ይዞ የሞተ ገሃነም ይገባል። መሸጥም የሚቻለው ከተገዛበት ባነሰ ዋጋ ብቻ ነው፤ ያውም በሳንቲም። የሃዋይ ሰው ኬያዌ በ50 ዶላር ገዝቶ ያማረ ቤት ያገኝበትና ይሸጠዋል። ኮኩዋን ሊያገባ በተቃረበ ጊዜ የሥጋ ደዌ እንደ ያዘው ሲያውቅ ለመዳን ሲል ጠርሙሱን ፈልጎ ያገኘዋል፤ ዋጋው ግን ወርዶ ወርዶ አንድ ሳንቲም ደርሷል። ከዚያ በታች ገንዘብ የለም። ሚስቱ ነገሩን ስትሰማ የፈረንሳይ ሳንቲም ከአሜሪካው ሳንቲም አምስት እጅ እንደሚያንስ ታስባለች፤ ወደ ታሂቲም ይሄዳሉ። አራት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ፤ የቀረው ሽያጭ ይህ ብቻ ነው። ባልና ሚስት እርስ በርስ ተደብቀው አንዱ ስለ ሌላው ሊኮነን የሚሽቀዳደሙበት ይህ ታሪክ ፍቅሩም፣ ፍርሃቱም፣ ልብ አንጠልጣይነቱም ከአንድ የሒሳብ ሕግ የመነጨ ነው። ፍጻሜውን አንባቢ ራሱ ቢደርስበት ይሻላል። ታሪኩ በዚያው ዓመት በሳሞአኛ ተተርጉሞ በሚስዮናውያን መጽሔት ሲወጣ ብዙዎቹ የደሴቱ ሰዎች እውነት አድርገው ተቀበሉት። የቫይሊማ ትልቅ ቤት ከየት እንደ መጣ አሁን ገባቸው፤ እንግዶች እየመጡ ጠርሙሱን እንዲያሳያቸው ይለምኑት ነበር።

በ1893 ደግሞ የሼርሎክ ሆምስን ታሪኮች አንብቦ ለደራሲው ለኮናን ዶይል ከሳሞአ ደብዳቤ ጻፈ። ለእርሻው ኃላፊ ለሲሜሌ ከታሪኮቹ አንዱን፣ አውራ ጣቱን ያጣውን ወጣት መሐንዲስ ታሪክ፣ በቃል ተርኮለት ነበር። ባቡር ምን እንደ ሆነ፣ የእንፋሎት መዶሻ ምን እንደ ሆነ፣ ሐሰተኛ ገንዘብ መሥራትና ፖሊስ ምን ማለት እንደ ሆኑ አስቀድሞ ማስረዳት ነበረበት። ያን ሁሉ አስረድቶ ታሪኩን ሲጨርስ ሲሜሌ ፊቱ በጭንቀት ተወጥሮ፣ ዓይኑ ፈጦ ያዳምጠው እንደ ነበር ለዶይል ገለጸለት። የመሐንዲሶቹ ልጅ ትቶት የወጣውን ሙያ በዓለም ዳርቻ፣ ለአንድ ታሪክ ሲል፣ ከሥሩ ጀምሮ ሲያስተምር ተገኘ።

በእነዚያ ዓመታት በሳሞአ በተነሣው ጦርነት ተሸንፈው የታሰሩ ባላባቶችን ስቲቨንሰን በእስር ቤት እየጎበኘ ምግብ ያቀርብላቸው ነበር። በ1894 ሲፈቱ ከዋናው መንገድ እስከ ቫይሊማ ቤት የሚያደርስ መንገድ በገዛ እጃቸው ቆፍረው ሠሩለት። ባላባት መሬት የማይቆፍርበት አገር ስለ ነበር ነገሩ ቀላል አልነበረም። መንገዱ ያለቀው በጥቅምት ነው። ታኅሣሥ 3 ቀን 1894 ማታ፣ ከሚስቱ ጋር ለእራት ሰላጣ ሲያዘጋጅ በጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ወደቀ፤ በዚያው ሌሊት ሞተ። ዕድሜው 44 ነበር። በማግሥቱ ሳሞአውያን ዱሩን እየመነጠሩ ወደ ቫኤአ ተራራ ራስ የሚያወጣ መንገድ ከፈቱ፤ ሬሳውን ተሸክመው ወጥተው በዚያ ቀበሩት።

በጠረጴዛው ላይ ሁለት ያልተፈጸሙ ሥራዎች ቀሩ። አንደኛው አያቱ ቤል ሮክን እንዴት እንዳሠራ የሚተርክበት የመሐንዲሶች ቤተሰብ መዝገብ ነው። ሁለተኛው በዚያው ዕለት ጧት ለእንጀራ ልጁ እየነገረ ሲያስጽፈው የዋለው፣ ስለ አንድ ጨካኝ ዳኛና ስለ ልጁ የሚተርከው ልብ ወለድ ነው፤ ጽሑፉ የሚቆመው በአንድ ዐረፍተ ነገር መካከል ነው።